ጅራታሙን ኮከብ በደብተር መከተል

እርሳስና ደብተር በአቅራቢያችሁ ካለ አንሡ። የዛሬው ዝግጅታችን ጆሮ ብቻ ሳይሆን እጅም ይፈልጋል።

ወደ 2017 ዓ.ም. መስቀል ልመልሳችሁ። መስከረም 17 ቀን፣ ጋሞ «ዮ ማስቃላ» እያለ አዲሱን ዓመት በሚቀበልበት ዕለት፣ ከሩቅ የመጣ አንድ እንግዳ በመንገዱ ሁሉ ለፀሐይ እጅግ የሚቀርብበት ቦታ ላይ ደርሶ ነበር። ስሙ ሱቺንሻን-አትላስ ነው፤ ጅራታም ኮከብ፣ በሳይንሱ አጠራር ኮሜት። በዚያ ዕለት ከፀሐይ የሚለየው 58 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። መሬት ከፀሐይ ያላት ርቀት 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን አስታውሱ። በዚያ ሰሞን ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ተነሥቶ ከአርባ ምንጭ፣ ከሴቻ ከፍታ ላይ ወደ ምሥራቅ፣ ከአባያና ከጫሞ ማዶ ወደ አማሮ ተራሮች ያማተረ ሰው፣ ደመና ካልከለለው በቀር፣ ጅራቱን ሽቅብ የዘረጋ ደብዛዛ ብርሃን ለማየት ይችል ነበር።

ያየ ሰው «አየሁት» ብሎ ለጎረቤቱ ያወራል። ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ግን ቢያንስ ሦስት ሌሊት አይቶ፣ ሦስቱንም ከነሰዓቱ መጻፍ አለበት። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚህ ጽሑፍ ነው። ኮሜቱ በየሌሊቱ የት እንደቆመ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ፣ ምን ያህል እንደደመቀና እንደደበዘዘ የሚመዘገብበት ደብተር ማለቴ ነው። እዚህ አርባ ምንጭ ውስጥ ስለ ውኃ የተማረ ሰው ነገሩ አይከብደውም። የኩልፎ ወንዝ ዛሬ እስከ ጉልበት ደረሰ ቢባል ምንም አይነግረንም። በየቀኑ ተለክቶ ሲጻፍ ግን ጎርፉ መቼ እንደሚመጣ መገመት ይቻላል። ሰማዩም እንደዚያው ነው።

ስለ ኮሜት ምንነት በአጭሩ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የበረዶ፣ የአቧራና የድንጋይ ጓል ነው። ይህን ሐሳብ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950 ያቀረበው አሜሪካዊው ፍሬድ ዊፕል ነበር። ጓሉ ከፀሐይ ርቆ ሳለ ቀዝቅዞ ጨለማ ውስጥ ይኖራል። ሲቀርብ በረዶው ውኃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጥና አቧራውን ይዞ ይወጣል። በዙሪያው የሚሠራው ጉም ራሱ፣ ወደ ኋላ የሚጎተተው ደግሞ ጅራቱ ይሆናል። ጅራቱ ወደ ኋላ ይጎተታል ማለቴ ግን ለአነጋገር ነው። በእውነቱ ጅራት የሚዘረጋው ኮሜቱ ከሚሄድበት በተቃራኒ ሳይሆን ከፀሐይ በተቃራኒ ነው። ከፀሐይ ሲርቅ ጅራቱ ከፊቱ ቀድሞ ይሄዳል። ለዚህም ነው በማለዳ ፀሐይ ከአድማስ በታች ሳለች ጅራቱ ሽቅብ ቆሞ የሚታየው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንግባ። የት ነው ያለው?

ሰማይ ላይ ርቀት የሚለካው በዲግሪ ነው፤ መለኪያውም እጃችሁ ላይ አለ። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ዘርጉ። የትንሿ ጣት ውፍረት አንድ ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ነው። ስንዝር፣ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ የተዘረጋው፣ ከ20 ዲግሪ ትንሽ ያልፋል። ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ናት፤ ትንሿ ጣት ሁለት ጊዜ ትከልላታለች። ይህ መለኪያ ለትልቅም ለትንሽም ይሠራል፤ የልጅ እጅ ትንሽ ቢሆንም ክንዱም አጭር ነው።

ኮሜቱን ስታዩ በዙሪያው ያሉትን ሦስት ደማቅ ከዋክብት ምረጡ። በደብተራችሁ ላይ ነጥብ አድርጓቸው፤ ኮሜቱን ደግሞ በመካከላቸው በትክክለኛው ቦታ አስቀምጡት። ከዚህ ኮከብ ሁለት ጣት፣ ከዚያኛው አንድ ጭብጥ ብላችሁ ጻፉ። በነጋታው በዚያው ሰዓት ድገሙት። ከዋክብቱ እርስ በርሳቸው ካላቸው ቦታ ፈቀቅ አይሉም፤ ኮሜቱ ግን ይንቀሳቀሳል። ሱቺንሻን-አትላስ ለመሬት በቀረበበት ጊዜ፣ በጥቅምት መጀመሪያ፣ በአንድ ቀን ከሦስት ዲግሪ በላይ ይጓዝ ነበር። ይህም ስድስት ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን ቢደረደሩ ከሚይዙት ቦታ ይበልጣል። ጥቅምት 4 አመሻሽ ላይ በስተግራ ቬኑስ፣ በስተቀኝ አርክቱሩስ የተባለው ኮከብ ነበሩ፤ እርሱ በሁለቱ መካከል ነበር። ከሳምንት በኋላ ከፀሐይ ርቆ እጅግ ከፍ ብሎ ይታይ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አርባ ምንጭ ሰማይ ልናገር፤ በደንብ ያልተነገረለት ሀብት ነው። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በዚህ ምክንያት የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ከፍታው 6 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ከጭብጥ ያነሰ። በስተደቡብ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ፈጽሞ የማይታየው የደቡብ መስቀል የተባለው ኅብረ ኮከብ ሁለት ጭብጥ ያህል ከፍ ብሎ ይወጣል። ከሰሜንም ከደቡብም የሚመጣ ኮሜት ከእኛ አያመልጥም ማለት ይቻላል። ሌላም ጥቅም አለ። በሩቅ ሰሜን አገሮች ፀሐይ ስትወጣም ስትጠልቅም አግድም እየተንሸራተተች ነው፤ ለፀሐይ የቀረበ ኮሜትም አድማሱን ታክኮ ይቀራል። እኛ ዘንድ ግን ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላ ትጠልቃለች። ኮሜቱም ቀጥ ብሎ ከበላይዋ ይቆማል። የሱቺንሻን-አትላስን የመስከረም ማለዳ ከሎንዶን ይልቅ ከአርባ ምንጭ ማየት የቀለለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንቅፋትም አለ። ምሥራቃችን ክፍት ነው፤ ሐይቆቹና የነጭ ሳር ሜዳ ናቸው። በስተምዕራብ ግን የጋሞ ተራሮች ከከተማዋ አናት ላይ እንደ ግድግዳ ቆመዋል። ለአመሻሽ ኮሜት ከሴቻ ሆኖ መጠበቅ አያዋጣም፤ ከተራራው ግርጌ በራቃችሁ ቁጥር ግድግዳው ዝቅ ይላል። የጨለማ ቦታ ፍለጋ ግን በሌሊት ወደ ሐይቅ ዳር እንዳትወርዱ አደራ። ጫሞ የአዞና የጉማሬ ቤት ነው፤ አዞ ገበያ የተባለውም በከንቱ አይደለም። ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ። ወራቱንም እወቁ። ደጋው የአገራችን ክፍል በሐምሌና በነሐሴ ሲዘጋ፣ የእኛ ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ይመጣል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ሰማይ ግን ወለል ያለ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ መንገዱ ነው፤ ምህዋር የምንለው።

ለዚህ የዶርዜ ሸማኔዎችን እርዳታ እሻለሁ። አንድ ሰሌዳ ላይ ሁለት ምስማር ተራርቀው ይመቱ። ጫፍና ጫፉ የታሰረ ክር ሁለቱንም ምስማሮች ዙሪያ ይጥለቅ፤ ክሩ ረገብ ያለ ይሁን። እርሳስ በክሩ ውስጥ አስገብታችሁ ወጥራችሁ አዙሩ። ሞላላ ቅርጽ ይወጣል። ፀሐይ ያለችው በመካከል ሳይሆን በአንደኛው ምስማር ላይ ነው። ምስማሮቹን ስታቀራርቡ ቅርጹ ክብ ወደ መሆን ይጠጋል፤ የመሬት ምህዋር እንደዚያ ነው። ስታራርቁ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፤ የኮሜት ምህዋር ይህ ነው። የሃሌይ ኮሜት ምህዋር አንዱ ጫፍ ከቬኑስ ምህዋር ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ጫፍ ከኔፕቱን ያልፋል። ሁለተኛውን ምስማር ወደማያልቅ ርቀት ብትወስዱት ደግሞ ክሩ ፈጽሞ አይዘጋም፤ በዚያ መንገድ የመጣ ኮሜት አንድ ጊዜ ታይቶ ይሄዳል።

ፍጥነቱም እኩል አይደለም። ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ቁልቁል የተለቀቀ ጎማ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እንደሚፈጥን፣ ኮሜትም ወደ ፀሐይ ሲወድቅ ይፈጥናል፤ ዞሮ ሲወጣ ይዘገያል። ሃሌይ ለፀሐይ ሲቀርብ በሰከንድ 54 ኪሎ ሜትር ይከንፋል፤ በሩቁ ጫፍ በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሱቺንሻን-አትላስ በመስቀል ዕለት ፍጥነቱ በሰከንድ 67 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዚህ ፍጥነት ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ለመድረስ 10 ሰከንድ አይሞላም።

ታዲያ ከምድር የምናየው ኮሜቱ በምን አቅጣጫ እንዳለ ብቻ ነው። ርቀቱ አይታይም። ምህዋሩ እንዴት ተገኘ? መልሱ ሦስቱ ሌሊቶች ናቸው። የስበትን ሕግ የሚያከብር ምህዋር፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት በሦስቱ በተጻፉት አቅጣጫዎች ላይ መገኘት አለበት። ይህን የሚያሟላው ምህዋር በስሌት ይፈለጋል። ሦስቱ ሌሊት መነሻ ነው፤ ልኬት በተጨመረ ቁጥር መንገዱ እየጠራ ይሄዳል። ሱቺንሻን-አትላስ ተመልሶ የሚመጣው ከ80 ሺህ ዓመት በኋላ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ያን ቁጥር አጥብቃችሁ አትያዙ። የእርሱ ምህዋር በሚዘጋውና በማይዘጋው ክር መካከል፣ እጅግ ጠባብ በሆነው ድንበር ላይ ያለ ነው። ትንሽ የልኬት ለውጥ ሺህ ዓመታትን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ጭራሹን ላይመለስም ይችላል።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ እኔ እጅግ የምወደው ነው። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1705 የ24 ኮሜቶችን ምህዋር አስልቶ አሳተመ። አብዛኞቹን ልኬቶች የወሰደው ከእርሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ጽፈው ካቆዩት ነው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ በ1531፣ በ1607 እና በ1682 የታዩት ሦስቱ በአንድ መንገድ የሄዱ ሆነው አገኛቸው። ሦስት ሳይሆኑ አንድ ናቸው፣ በ1758ም ይመለሳል አለ። ራሱ በ1742 ሞተ፤ ሳያየው።

ነገር ግን አንድ ችግር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መገለጦች መካከል 76 ዓመት፣ በኋለኞቹ መካከል 75 ዓመት ነው። ለምን ይለያያል? በመንገዱ ላይ ጁፒተርና ሳተርን ስለሚጎትቱት። ፈረንሳዊው አሌክሲ ክሌሮ፣ ከዤሮም ላላንድና ከኒኮል-ሬን ለፖት ጋር ሆኖ ይህን ጉተታ ለማስላት ተነሣ። ለፖት ሴት ናት፤ ሴቶች ወደ ሳይንስ በር በማይቀርቡበት ዘመን ለወራት ቁጭ ብላ ካሰሉት አንዷ ነበረች። ጁፒተር 518 ቀን፣ ሳተርን 100 ቀን ያዘገዩታል፣ ለፀሐይ የሚቀርበው በ1759 ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ነው፣ ምናልባት አንድ ወር ቢሳሳት ነው አሉ። ኮሜቱ ለፀሐይ የቀረበው በፈረንጆች መጋቢት 13 ቀን ነበር። በእጅ ለተሠራ የ76 ዓመት ስሌት ስሕተቱ ከአንድ ወር እምብዛም አላለፈም።

ከሁሉ በፊት ያየው ማን ነበር? በፓሪስ የተመደበ ሊቅ አይደለም። ዮሐን ጌዮርግ ፓሊች የተባለ በድሬስደን አቅራቢያ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ሥነ ፈለክን በራሱ የተማረ። በ1758 በፈረንጆች ገና ሌሊት አገኘው። እርሻውን እያረሰ ሰማዩን የሚመዘግብ ሰው ነበር። ይህን የምነግራችሁ እንሰቱን እየተከለ፣ ገብሱን እያጨደ ለሚያዳምጠን የጋሞ ገበሬ ጭምር ነው።

ስሌቱ ዛሬም ሙሉ አይደለም። ከጓሉ የሚፈነዳው ጋዝ ራሱ እንደ ሮኬት ስለሚገፋው ኮሜት ከስበት ሕግ ትንሽ ይዛነፋል። የሃሌይ ኮሜት በዚህ ምክንያት በየዙሩ አራት ቀን ያህል ይዘገያል። ኤንኬ የተባለው በየ3.3 ዓመቱ የሚመለስ ኮሜት ደግሞ በየዙሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይቀድም ነበር። ይህን ማወቅ የተቻለው ሰዓቱ በጥንቃቄ ስለተጻፈ ብቻ ነው።

የልኬት ኃይል በቅርቡም ታይቷል። ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በቺሊ ያለ አትላስ የተባለ ቴሌስኮፕ አንድ ነጥብ አገኘ። ቦታው ሲለካ፣ ከዚያ በፊት በተነሡ ፎቶዎችም ሲፈለግ፣ ምህዋሩ የማይዘጋ ብቻ ሳይሆን ወደ ቀጥታ መስመር የተጠጋ ሆነ። ከፀሐይ ሩቅ ሳለም በሰከንድ 58 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። ይህ በእኛ ሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ሊወለድ አይችልም። ከሌላ ኮከብ የመጣ፣ እስካሁን ከታወቁት ሦስተኛው እንግዳ ነው። ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ለፀሐይ ቀርቦ አለፈ።

ሦስተኛው ጥያቄ ድምቀቱ ነው። ተንባዮችን ሁሉ ያዋረደውም ይኸው ነው።

የድምቀት ደረጃ ከጥንት ጀምሮ በተቃራኒ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ ይበልጣል። አንደኛ ደረጃ ደማቅ ነው፣ ስድስተኛ ደረጃ በጨለማ ሰማይ በዓይን ብቻ የሚታይ የመጨረሻው ነው። አምስት ደረጃ መቶ እጥፍ ማለት ነው። ሱቺንሻን-አትላስ ጥር 1 ቀን 2015 ዓ.ም. በቻይና ፐርፕል ማውንቴን የምርምር ጣቢያ፣ የካቲት 15 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ባለው የአትላስ ቴሌስኮፕ ሲገኝ 18ኛ ደረጃ ገደማ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ዜሮ ደረጃ አካባቢ ደረሰ። የ18 ደረጃ ልዩነት 16 ሚሊዮን እጥፍ ያህል መድመቅ ነው።

ምን አደመቀው? ርቀት ነው፤ ግን ሁለት ርቀቶች አሉ። ከእኛ ያለው ርቀት በግማሽ ቢቀንስ አራት እጥፍ ይደምቃል፤ ኩራዝም እንደዚያው ነው። ከፀሐይ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ግን ኮሜት በአብዛኛው 16 እጥፍ ገደማ ይደምቃል። ድንጋይ ቢሆን ኖሮ አራት እጥፍ ብቻ ነበር። ኮሜት ግን የበለጠ ብርሃን ከመቀበሉ በላይ ብርሃኑን የሚመልስለት ጋዝና አቧራም ይጨምራል። ይህ ቁጥር ከኮሜት ኮሜት ይለያያል፣ በአንዱም ላይ ከወር ወር ይለዋወጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ እየመዘገቡ መድረስ ነው።

ያልመዘገቡ ወይም ቸኩለው የተነበዩ አፍረዋል። በፈረንጆች 1973 ኮሆቴክ የተባለው ኮሜት የዘመኑ ታላቅ ይሆናል ተባለ፤ ታየ፣ ግን የተጠበቀውን ያህል አልደመቀም። ሩቅ ሳለ በላዩ የነበረው ቶሎ የሚተን በረዶ አስቀድሞ አድምቆት ስለነበር ስሌቱን አሳሳተው። ኅዳር 19 ቀን 2006 ዓ.ም. አይሶን የተባለው በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ፈራረሰ። በተቃራኒው፣ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ስመ ጥሩው የኮሜት ተመራማሪ ዝዴኔክ ሴካኒና ሱቺንሻን-አትላስ መፈራረሱ አይቀርም ብሎ ጻፈ፤ ኮሜቱ ግን ፀሐይን ዞሮ በሰላም ወጣ። ሴካኒናን አላቃልልም፤ የተነሣው በትክክል ከተመዘገበ ምልክት ነው፤ ድምቀቱ ለወራት አላድግ ብሎ ነበርና።

አንድ ነገር ሊጨመር ይገባል። መስከረም 29 ቀን ላይ ኮሜቱ ከሁሉ በላይ ደመቀ፤ ከቬኑስ ጋር የሚወዳደር ብርሃን ነበረው። ይህ የሆነው በእኛና በፀሐይ መካከል ስለገባ ነው። በዶርዜ ቤት በር በኩል የገባ የማለዳ ጨረር ውስጥ ጢሱ እንዴት እንደሚያበራ አስቡ። ብርሃኑን ፊት ለፊት ስታዩ ጢሱ ያበራል፤ ከጀርባችሁ ሲሆን አይታይም። የኮሜቱም አቧራ እንዲሁ ነው። የሚያሳዝነው በዚያ ቀን ለፀሐይ እጅግ ተጠግቶ ስለነበር በምድር ላይ ላለ ዓይን አልተመቸም፤ በጥሩ ሁኔታ የቀረጸችው ሶሆ የተባለችው ፀሐይን የምትከታተል መንኮራኩር ናት። ጥቅምት 2 ለመሬት እጅግ ቀረበ፤ 71 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል። ጥቅምት 7 ጨረቃ ሞላችና ጅራቱን በብርሃኗ ዋጠችው። በወሩ መጨረሻ ያለ መሣሪያ አይታይም ነበር።

ድምቀቱን በዓይን ለመገመት ዘዴው ይህ ነው። ደረጃቸው የታወቀ ሁለት ከዋክብት ምረጡ፤ አንዱ ከኮሜቱ የሚደምቅ፣ ሌላው የሚደበዝዝ፤ ከአድማስም በእኩል ከፍታ ያሉ፣ አየሩ ዝቅ ያለውን ስለሚያደበዝዝ። ኮከብ ነጥብ ነው፣ ኮሜት ግን የተበተነ ጉም፤ እንዲሁ ሊወዳደሩ አይችሉም። ባይኖኩላር ካላችሁ ከዋክብቱ እንደ ኮሜቱ ሰፍተው እስኪታዩ ድረስ ምስሉን አደብዝዙት። አርቆ ማየት የሚያስቸግራችሁ መነጽራችሁን አውልቁ፤ ያው ሥራ ይሠራል። ከዚያ ኮሜቱ ከሁለቱ ለየትኛው እንደሚቀርብ ወስናችሁ ጻፉ። ኢንተርኔት ላይ ሌላው ምን እንዳለ አስቀድማችሁ አትመልከቱ። የሌላውን ቁጥር ያየ ዓይን ያንኑ ቁጥር ነው የሚያየው።

የቀንና የሰዓት ነገር በተለይ ለእኛ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዓለም ልኬት የሚለዋወጠው በግሪኒች ሰዓት ነው፤ እኛ ከእርሱ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፣ አቆጣጠራችንም በስድስት ሰዓት ይለያል። ጥቅምት 4 ቀን 2017 ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለት በግሪኒች ጥቅምት 14 ቀን 2024፣ 16 ሰዓት ነው። አስሊዎች ከዚህ ውዝግብ ለመውጣት ቀናትን ያለ ወርና ያለ ዓመት በተከታታይ ይቆጥራሉ፤ ያ ምሽት በእነርሱ ቁጥር 2,460,598.17 ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንታችን በ19 ዓመት ዑደት አበቅቴን ሲቆጥሩ የኖሩበት ጥበብ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ዋናው ነገር በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፋችሁ ከጎኑ ማስፈር ነው፤ ያለዚያ ጥሩው ልኬት ዋጋ ያጣል።

በአገራችን ለዚህ ሥራ መሠረት ተጥሏል። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተመሠረተ። በእንጦጦ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ሩቅ ኮከብና በዙሪያው የምትዞር ፕላኔት ኢትዮጵያ በመረጠችው ስም ቡና እና አቦል ተብለው ተሰይመዋል። ትልልቆቹ መሣሪያዎች ግን የሁሉንም ሌሊት አይሸፍኑም። በሶሆ ምስሎች ላይ ከተገኙት ከ5,000 በላይ ኮሜቶች አብዛኞቹን ያገኙት በየቤታቸው ሆነው ምስሎቹን የሚመረምሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የኮሜት ድምቀት ግምትም ዛሬ ድረስ በብዛት የሚመጣው ከእንዲህ ያሉ ሰዎች ነው፤ በስሎቬኒያ የሚገኘው ኮብስ የተባለ የመረጃ ማዕከል ከመላው ዓለም ይቀበላል።

ኮሜት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ እጃችሁን በጨረቃ አለማምዱ። በየምሽቱ በአንድ ሰዓት ከአንድ ደማቅ ኮከብ ስንት ጭብጥ እንደራቀች ጻፉ፤ በቀን 13 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ስትሄድ በገዛ ደብተራችሁ ታዩታላችሁ። በጥቅምት 11 አካባቢና በሚያዝያ 27 እና 28 ሌሊት ደግሞ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ውጡ። የሚወነጨፉት ተወርዋሪ ከዋክብት ሃሌይ በመንገዱ ላይ የጣለው አቧራ ናቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት እንዳያችሁ ቆጥራችሁ መዝግቡ።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ደብተር ለተማሪዎቻችሁ ክፈቱላቸው። ሃሌይ ቀጥሎ ለፀሐይ የሚቀርበው ሐምሌ 21 ቀን 2053 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉት ልጆች በዚያ ጊዜ ጎልማሶች ይሆናሉ፤ በዓይናቸው ያዩታል። የመጀመሪያውን ገጽ ዛሬ ማታ አስጀምሯቸው፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ያዩት ነገር።